ዶክትሬቱ ወይስ ላይሰንሱ? በኦንላይን የትምህርት ቤት አመራር ስለመማር የተነሳ ክርክር

ሰሞኑን እዚህ አሜሪካ መምህርና ፓራ (የመምህር ረዳት) ሆነው የሚሠሩ የእኛ ሰዎች የተከራከሩበትን አንድ የኢንተርኔት የውይይት ክር ሳነብ አመሸሁ። ቁም ነገርም አለበት፣ ስድብም አለበት። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም፣ ስምም አላነሳም። በየመልሱ ቁጥር ላውጋችሁ። በመሃል የራሴን ጣል ባደርግ እንዳትቀየሙኝ።

ክሩን የከፈተው ሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖር የሚድል ስኩል የሒሳብ መምህር ነው። የመጀመሪያ ዲግሪውን አገር ቤት ይዞ መጥቶ እዚህ አስገመገመ። ማስተርሱን ደግሞ እዚሁ ጨረሰ። አሁን አሲስታንት ፕሪንሲፓል (ምክትል ርዕሰ መምህር)፣ ሲቀጥልም ፕሪንሲፓል መሆን አምሮታል። ቀን ትምህርት ቤት ነው፣ ማታ ልጆች አሉ፣ ቅዳሜና እሁድ ኡበር ይነዳል፤ ስለዚህ ካምፓስ እየተመላለሱ መማር የማይታሰብ ነው። በትምህርት ቤት አመራር ኢዲዲ በኦንላይን ብይዝ ሰው ይቀበለኛል ወይስ ገንዘቤን ውሃ ይበላዋል ብሎ ጠየቀ። ኢዲኤስ የሚባለው ነገርስ ምንድነው ብሎም አከለበት።

ለማታውቁት፣ ኢዲኤስ ከማስተርስ በላይ ከዶክትሬት በታች ያለ ዲግሪ ነው፤ ብዙ ጊዜ 30 ክሬዲት ገደማ ይፈጃል። ኢዲዲ ደግሞ ሥራ ላይ ላሉ የትምህርት ሰዎች የታሰበ ዶክትሬት ነው፤ ሃርቫርድ በ1920 ነው የጀመረው። ኦንላይን የመጣው ትናንት ቢሆንም ዲግሪው ራሱ የትናንት አይደለም።

መልስ 1 በርታ፣ አምላክ ይርዳህ፣ የሐበሻ ፕሪንሲፓል ናፍቆናል የሚል ነው። ምክር የለበትም። እንዲህ የሚል ሰው ግን በየክሩ አንድ አይጠፋም፣ አይጥፋም።

መልስ 2 ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰበት። ጸሐፊው ፒኤችዲውን ክፍል ገብቶ፣ ቤተ መጻሕፍት አድሮ የያዘ ሰው ነው። የኦንላይን ዶክትሬት ዶክትሬት አይባልም፣ በፒጃማ የተያዘ ወረቀት ይዞ ቀጣሪ ኮሚቴ ፊት መቅረብ ያሳፍራል አለ። ለምን እንደሚያሳፍር ግን አላስረዳም። ከዚህ በኋላ የመጡት ግማሾቹ እሱን ሲመልሱ ነው የዋሉት።

መልስ 3 በጨዋ ደንብ አረመው። ጆንስ ሆፕኪንስ ኢዲዲውን በኦንላይን ነው የሚሰጠው። ቫንደርቢልትም በፒቦዲ ኮሌጁ በኩል የኦንላይን ኢዲዲ አለው። ዲፕሎማው ላይ በኦንላይን የተገኘ የሚል ጽሑፍ በአብዛኛው አይኖርም። ቀጣሪውም የሚያየው የዩኒቨርሲቲውን ስምና ዕውቅናውን ነው። ልክ ነው። ግን እሱም የሳተው ነገር ነበር፤ መልስ 4 ላይ ነው የወጣው።

መልስ 4ን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የጻፈችው እዚያው ቨርጂኒያ አሲስታንት ፕሪንሲፓል የሆነች ሴት ናት። ጠያቂውን ወንድሜ ብላ ጀመረችና፣ ጥያቄህ ከሥሩ ተገልብጧል አለችው። ፕሪንሲፓል የሚያደርግህ ስቴቱ የሚሰጥህ ላይሰንስ (የሥራ ፈቃድ) እንጂ የዩኒቨርሲቲው ዶክትሬት አይደለም። ቨርጂኒያ የምትጠይቀው ማስተርስ፣ 3 ዓመት የሥራ ልምድ፣ ዕውቅና ያለው የአመራር ፕሮግራም፣ 320 ሰዓት ኢንተርንሺፕ (የሥራ ላይ ልምምድ) እና ኤስ ኤል ኤል ኤ የሚባለውን የትምህርት ቤት መሪዎች የላይሰንስ ፈተና ነው። ዶክትሬት ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ስማቸው የገነነ የኦንላይን ኢዲዲዎች ውስጥ ላይሰንስ ጭራሽ የማያሰጡ አሉ፤ ይህንንም ድረ ገጻቸው ላይ በደቃቅ ጽሑፍ አስፍረውታል። ስለዚህ አንድ ሰው ከስድሳ ሰባ ሺህ ዶላር በላይ አፍስሶ፣ ዶክተር ተብሎ፣ ለአሲስታንት ፕሪንሲፓልነት እንኳ ማመልከት ሳይችል ሊቀር ይችላል። ማስተርስ ላለው ሰው ደግሞ ላይሰንሱን ብቻ የሚያስጨርሱ፣ ዲግሪ የሌላቸው አጫጭር ፕሮግራሞች አሉ፤ በኦንላይንም ይገኛሉ።

ከዚያ ኢንተርንሺፑን ተረከችው። ይሄ ነው ኦንላይን የሚለውን ቃል የሚያፈርሰው። ኮርሱ ላፕቶፕ ላይ ነው፤ ኢንተርንሺፑ ግን በእግር ነው። ጎህ ሳይቀድ አውቶቡሶቹ የሚቆሙበት ቦታ ትሄዳለህ። ወገብህ ላይ ሬዲዮ፣ እጅህ ላይ የአውቶቡስ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት። አንድ አውቶቡስ ይዘገያል፣ አንዲት እናት መኪናዋን መሃል መንገድ አቁማ ትጮሃለች፣ ሬዲዮው ደግሞ ሁለተኛ ፎቅ ሽንት ቤት ጠብ አለ ይልሃል። ምሳ ሰዓት ካፍቴሪያ መቆም አለ። ከሰዓት የልዩ ፍላጎት ተማሪ ስብሰባ ላይ ወላጅ፣ ጠበቃና መምህር መሃል መቀመጥ አለ። ማታ ደግሞ የሠራኸውን ሰዓት በሰንጠረዥ ትሞላለህ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የተሠራው ሥራ፣ ከ10ሩ የአመራር ስታንዳርዶች የትኛውን እንደሚነካ፣ መጨረሻ ላይ የፕሪንሲፓሉ ፊርማ። ፊርማው ከሌለ ሰዓቱ የለም። እሷ አንድ ወር ሙሉ የሞላችው ፊርማ አጥቶ እንደገና እንደጀመረች ጽፋለች። ስታንዳርዶቹ በ2015 የወጡት አገር አቀፎቹ ናቸው፤ በቃልህ ባትይዛቸውም ቁጥራቸውን ትይዘዋለህ አለች።

ወደ ኋላ ተመልሼ ሳየው ክሩ እዚህ ላይ ቢያልቅም ባልከፋ ነበር። ግን የሐበሻ ክር በ4 መልስ አያልቅም።

መልስ 5 ጠያቂው ራሱ ነው። አመሰገናት፣ የደነገጠም ይመስላል። ፕሪንሲፓሌ አዲስ ሰው ነው፣ እንኳን ሊያሰለጥነኝ ስሜንም በቅጡ አይጠራ፤ ማን ይፈርምልኛል አለ። ደህና ጥያቄ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ከማመልከቻው ጋር የትምህርት ቤቱን ኃላፊ ደብዳቤ ይጠይቃሉ። ማስታወቂያው ላይ የሌለው ትልቁ መሰናክል ይሄ ይመስለኛል፤ ትምህርቱ ከየትም ይመጣል፣ የሚያስገባህን በር ግን አጠገብህ ያለ አንድ ሰው ነው የሚከፍተው።

መልስ 6 ከአትላንታ ነው። ይሄ ሰው ስለ ደመወዝ ነው የመጣው። ጆርጂያ መምህር የሚከፈለው በደረጃ ነው፤ ባችለር ቲ 4፣ ማስተርስ ቲ 5፣ ኢዲኤስ ቲ 6፣ ዶክትሬት ቲ 7። ስለዚህ ኢዲኤስ ያዝ፣ ደመወዝህ ያድጋል፣ ፕሪንሲፓል ሆንክ አልሆንክ ምን ገዶህ አለ።

መልስ 7 አላስጨረሰውም። እሷም ጆርጂያ የነበረች ናት። አመራር ከሆነማ ነገሩ ሌላ ነው አለችው፤ በአመራር ኢዲኤስ የያዘ ሰው አመራር የሚጠይቅ ቦታ ላይ እስካልተቀመጠ ድረስ በዚያ ዲግሪ ጭማሪ አያገኝም፣ ሕጉ ከተቀየረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ጭማሪ ብቻ የፈለገ በካሪኩለም ወይም በሚያስተምረው ትምህርት ይያዝ። ደግሞም ጠያቂው ያለው ቨርጂኒያ ነው፣ እዚያ የደመወዙን ስኬል የሚወስነው ካውንቲው ነው፣ አንተ ምን አገባህ ብላ ጨረሰች። መጨረሻዋ ላይ ትንሽ በርበሬ ነበረበት። የአትላንታው ሰውዬ ጠፋ።

መልስ 8 ለመልስ 4 የቀረበ እርማት ነው፣ ከአንድ ጡረታ የወጡ የዲስትሪክት (የአካባቢው ትምህርት ቤቶች አስተዳደር) ሠራተኛ። እርማታቸው ጥሩ ነው። 320ውን ሰዓት በሙሉ በራስህ ትምህርት ቤት መጨረስ አትችልም። የቨርጂኒያ ደንብ ብዙ ቦታ እንድትታይ ይፈልጋል፤ ኤለመንታሪ፣ ሚድል፣ ሃይ ስኩል፣ የዲስትሪክቱ ማዕከላዊ ቢሮ። ከሰዓቱ ውስጥ 120ው ደግሞ ከኮርሶቹ ጋር እየተዋሃደ የሚሠራ ነው። ይህ ማለት ቀኑን ሙሉ ሒሳብ የሚያስተምር ሰው ፈቃድ ወስዶ ሌላ ትምህርት ቤት መሄድ ይኖርበታል። የክረምት ትምህርት የሚሰጥበትን ወቅት ተጠቀምበት አሉት፤ ብዙ ቦታ በጁላይ ሰው ይፈልጋሉ። መልስ 4ን የጻፈችው ሴትም ጋሼ ልክ ናቸው ብላ ተቀበለች። እንዲህ ያለ ነገር በክር ውስጥ ስታገኙ ደስ ይላል።

መልስ 9 ያሳዝናል። ስሙን መጥራት ያልፈለገው አንድ ለትርፍ የተቋቋመ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በኦንላይን ዶክትሬት ጀመረ። ኮርሶቹን ጨረሰ፣ መመረቂያ ጽሑፉ ላይ ተቀረቀረ። አማካሪው በተደጋጋሚ ተቀየረበት፤ አዲስ የመጣው ሁሉ ርዕሱን ቀይር ይለዋል። እያንዳንዱ ሴሚስተር ደግሞ ጽሑፉን ነካውም አልነካውም ክፍያ አለው። በመጨረሻ ተወው። ዕዳው አልተወውም። አሁን ሳብስቲትዩት (ተተኪ መምህር) ሆኖ እየሠራ ይከፍላል። ለጠያቂው የመከረው አንድ ነገር ነው፤ ከመመዝገብህ በፊት ከጀመሩት ስንቱ ጨረሰ፣ በስንት ዓመት ጨረሰ ብለህ በጽሑፍ ጠይቅ፣ ካልመለሱልህ መልሱን አግኝተሃል።

መልስ 10 እዚያ ላይ ጨመረ። ዕውቅናውን አይተህ ግባ የሚባለው ምክር ብቻውን አይበቃም አለ። አርጎሲ ዩኒቨርሲቲ ዕውቅና ነበረው፣ በማርች 2019 ሲዘጋ ግን የዶክትሬት ተማሪዎቹ ሜዳ ላይ ቀሩ። ስለዚህ ዕውቅናውንም፣ የተቋሙን የገንዘብ አቋምም፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነም እይ ነው የሚለው። ደረቅ ሰው ነው፣ ግን ነገር ያውቃል።

መልስ 11 ስለ ብድር ነው፣ በጣም ረጅም ነው፣ ፍሬውን ብቻ ልንገራችሁ። ቀድሞ ለድኅረ ምረቃ ተማሪ ግራድ ፕላስ የሚባል፣ የትምህርቱን ወጪ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን የፌዴራል ብድር ነበር። በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ተዘግቷል። የሚቀረው በዓመት 20,500 ዶላር፣ በጠቅላላው 100,000 ዶላር ነው። እንደ ሕክምናና ሕግ ላሉት ሙያዎች ጣሪያው በዓመት 50,000 ነው፣ ትምህርት ግን እዚያ ዝርዝር ውስጥ አልገባም። ውድ ኢዲዲ የሚፈልግ ሰው ልዩነቱን ከኪሱ ወይም ከግል ባንክ ያመጣል ማለት ነው። በሌላ በኩል የሕዝብ ትምህርት ቤት ሠራተኛ ለፌዴራል ብድሩ 120 ጊዜ ደንቡን ጠብቆ ከከፈለ ቀሪው ይሰረዝለታል፤ የግል ባንክ ብድር ግን እዚያ ውስጥ የለም። ይህን የጻፈው ልጅ የሂሳብ ሠራተኛ መሆን አለበት። ማንም አላመሰገነውም፤ እኔ ላመስግነው።

ከዚህ በኋላ ክሩ መንገድ ሳተ።

መልስ 12 ከአዲስ አበባ የገቡ አንድ ርዕሰ መምህር ናቸው። መጀመሪያ በትሕትና ነው የጀመሩት። እናንተ በኦንላይን ይከበራል አይከበርም ትላላችሁ፣ እኛ ክረምት ክረምት ዩኒቨርሲቲ እየገባን፣ ተማሪ በለቀቀው ዶርም እያደርን ነው በትምህርት ቤት አመራር ማስተርስ የያዝነው አሉ። ለዶክትሬት ደግሞ ብዙዎቹ ባልደረቦቻቸው በዩኒሳ በኩል ነው የሄዱት፤ የደቡብ አፍሪካው የርቀት ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው፣ አቃቂ ማዕከል ከከፈተበት ከ2007 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ነው። ስለዚህ በርቀት መማር ለእኛ ብርቅ አይደለም አሉ። ብርቅ የሚሆነው ወረቀቱን ይዞ አገር ቤት ሲመለሱ ነው። ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት ይሠራል፤ ከውጭ የተገኘ ዲግሪ እዚያ ሳያልፍ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በር አያስገባም። መንግሥት በ2002 ነሐሴ፣ በፈረንጆቹ 2010 መሆኑ ነው፣ የርቀት ትምህርት ይቁም ብሎ አዝዞ በኋላ ያለዘበበትን ጊዜ ያስታወሱ ሰዎች አሁንም ቢሮ ውስጥ አሉ፣ በርቀት የሚለውን ቃል ሲሰሙ ይጠራጠራሉ አሉ። ጠያቂው አንድ ቀን ተመልሼ ትምህርት ቤት እከፍታለሁ ብሎ ስለነበር ይሄ ለእሱ ቁም ነገር ነው።

መልስ 13 ግን የአዲስ አበባውን ጋሼ ያዛቸው። እናንተ ማስተርስ የያዛችሁ ርዕሰ መምህራን እያላችሁ ነው ወይ በ2015 (በእኛ አቆጣጠር) የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተነው 3.2 በመቶ ብቻ ያለፈው አለ። መልስ 14 ደግሞ ርዕሰ መምህር የሚሾመው በዲግሪ ነው በፓርቲ አባልነት ብሎ ገባ። 15 እና 16 ፖለቲካ ናቸው፣ እዘላቸዋለሁ። ጋሼ ግን በመልስ 17 ሳይናደዱ ተመለሱ፤ አንድ ክፍል ውስጥ ከ70 በላይ ልጅ፣ መጽሐፍ ለሦስት አንድ፣ እሱን ነው የማስተዳድረው፣ ውጤቱን ደግሞ ከአንደኛ ክፍል ጀምራችሁ ቁጠሩት ብለው ወጡ። ቁጥሩን መወርወር ቀላል ነው።

መልስ 18 የስድብ ዓይነት ነው፣ ግን አሳቀኝ። እዚህ ያለው ሐበሻ ዶክትሬት የሚፈልገው ለሥራ ሳይሆን ለሠርግ ጥሪ ወረቀትና ለዕድር ስብሰባ ነው አለ፤ ዶ/ር የሚለውን ካልጻፉለት ምሳ አይበላም። የመልስ 2 ባለቤት ይሄ ለእኔ ነው ብሎ ተቆጣ። ማንም ስሙን አልጠራውም ነበር!

መልስ 19 አንዲት የሦስት ልጆች እናት ናት፣ ከሚኒሶታ። ነገሩን ወደ ቦታው የመለሰችው እሷ ናት። ኢዲኤሷን በኦንላይን ልትጨርስ ጥቂት ቀርቷታል። በራስህ ሰዓት የምትማረው ኮርስና ሁሉም በአንድ ሰዓት ዙም ላይ የሚገናኝበት ኮርስ የተለያዩ ናቸው፣ ሳትጠይቅ እንዳትመዘገብ አለች። የእሷ ፕሮግራም ሥራ የሚያስረክበው እሁድ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሊሆን 1 ደቂቃ ሲቀረው ነው። እሁድ ደግሞ ቅዳሴ አለ፣ ዘመድ አለ፣ የልጆች ልብስ አጠባ አለ። ስለዚህ ሐሙስ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብላ ትጽፋለች፤ ቤት ውስጥ ከሆነች አንዱ ይነቃል። ባሏ መጀመሪያ አኩርፎ ነበር፣ አሁን ሐሙስ እራት የሱ ነው። የቡድን ሥራ ላይ ካሊፎርኒያ ያለ ተማሪ ስብሰባውን በእሱ ሰዓት ሲያደርገው እሷን እኩለ ሌሊት ላይ ያስቀምጣታል። ቢሆንም ከኮርሶቹ ሁሉ የትምህርት ቤት በጀትና የትምህርት ሕግ የሚባሉት ዓይኗን እንደከፈቱላት ጻፈች። ፕሪንሲፓሏ ለምን እምቢ እንደሚላት አሁን ይገባኛል አለች።

መልስ 20 አሳይመንት እንሠራለን፣ መመረቂያ ጽሑፍ በቅናሽ የሚል ማስታወቂያ ነበር። ተሰረዘ። መልስ 21 የመልስ 8ቱ ጋሼ ናቸው፣ የዲስትሪክቱ ጡረተኛ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጥተው። ልጆችን አትኮርጁ ብሎ የሚቀጣ ሰው በተገዛ ጽሑፍ ዶክተር ይሁን? በሥራ ዘመኔ ሁለት ሰው በዚህ ከሥራ ሲባረር አይቻለሁ አሉ። ማንም አልመለሰላቸውም።

መልስ 22 ጠያቂው ነው፣ ከሳምንት በኋላ። ለሁለት ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ላከ፤ ፕሮግራማችሁ የቨርጂኒያን የአስተዳደር ላይሰንስ መስፈርት ያሟላል ወይ። ይህንን ለተማሪው ማሳወቅ የዩኒቨርሲቲው የፌዴራል ግዴታ መሆኑን አንድ ሰው በግል ነግሮት ነበር። አንዱ ቅጽ ሙላ፣ አማካሪ ይደውልልሃል ብሎ ሦስቴ ደወለለት፣ ጥያቄውን ግን አልመለሰም። ሌላው፣ የስቴቱ የራሱ ዩኒቨርሲቲ፣ በአንድ ገጽ ያሟላል ብሎ ጻፈለት። ዲግሪ የሌለውን፣ ላይሰንሱን ብቻ የሚያስጨርሰውን በኦንላይን ሊጀምር ነው። ኢዲዲውን ቢሮ ከያዝኩ በኋላ ካውንቲው ሲከፍልልኝ አየዋለሁ አለ። ፕሪንሲፓሉንም አነጋገረው፤ ሰውዬው ራሱ በኦንላይን የተማረ ሆኖ ተገኘ፣ በጁላይ የክረምቱን ፕሮግራም አብረን እንይዛለን አለው። መልስ 2 እዚህ ላይ ብቅ ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልመጣም።

መልስ 23 አሲስታንት ፕሪንሲፓሏ ናት። እንኳን ደስ አለህ ካለች በኋላ ስለ ፈተናው አስጠነቀቀችው። ኤስ ኤል ኤል ኤ 4 ሰዓት ነው። 120ው የምርጫ ጥያቄ አያስቸግርህም፤ በ75 ደቂቃ የሚጻፉት 4 ጽሑፎች ናቸው የእኛን ሰው የሚጥሉት፣ የእንግሊዝኛ ችግር ሳይሆን ሰዓት ያልቃል። የትምህርት ቤት ዳታ ይሰጡሃል፣ ሰንጠረዡን አንብበህ ምን እንደምታደርግ በቅደም ተከተል መጻፍ አለብህ። ሰዓት ይዘህ ተለማመድ፣ በእጅህ ሳይሆን በኪቦርድ።

መልስ 24 የልምምድ መጽሐፉን የጨረሰ ሰው ካለ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ መጥቼ እወስዳለሁ ይላል። እስካሁን መልስ አላገኘም፤ ያላችሁ ካላችሁ ንገሩት።